ሕዋስና መኖሪያው፦ ተረትና እውነታ

የሰው አካል በትሪሊዮን ከሚቆጠሩ ሕዋሳት የተገነባ መሆኑን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሕዋሳቱን እንደ ጡብ፣ በመካከላቸው ያለውን ነገር ደግሞ ጡቡን እንደሚያያይዝ ጭቃ አድርጎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ለጀማሪ ቢያገለግልም የተሳሳተ ነው። ከሕዋስ ውጭ ያለው ክፍል፣ በሙያው አጠራር ማትሪክስ የሚባለው፣ ሕዋሳት ራሳቸው ሠርተው ወደ ውጭ የሚያወጡት፣ ዘወትርም የሚያፈርሱትና መልሰው የሚገነቡት የፕሮቲንና የስኳር ሰንሰለቶች መረብ ሲሆን፣ በጅማት፣ በልም አጥንትና በአጥንት ውስጥ ከሕዋሳቱ የሚበልጠውን ቦታ የሚይዘው እርሱ ነው። ከክሮቹ ዋነኛው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በአካል ውስጥ ካለው ጠቅላላ ፕሮቲን ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል።

ሕዋስ ከዚህ መረብ ጋር የሚያያዘው በተለይ ኢንተግሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው፤ እነዚህም የሕዋሱን ሽፋን ዘልቀው በአንድ ጫፋቸው በውጭ ያለውን ኮላጅን ወይም ሌላ ፕሮቲን፣ በሌላው ጫፋቸው ደግሞ ለሕዋሱ ቅርጽ የሚሰጡትን የውስጥ ክሮች ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪቻርድ ሃይንስና ባልደረቦቹ ስያሜውን ያወጡላቸው ኢንተግሪኖች በሰው ዘንድ 24 ዓይነት ሲሆኑ፣ ከማያያዝ አልፈው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ውጭ መልእክት ያስተላልፋሉ። የመልእክቱ ክብደት የሚታወቀው ሲቋረጥ ነው፤ የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑትን የመሰሉ ሕዋሳት ከመረቡ ከተነጠሉ፣ ምግብና ኦክስጅን ሳይጎድልባቸው፣ ራሳቸውን ወደ ሞት የሚያደርስ ሂደት ይጀምራሉ።

የሕዋስን ዕጣ የሚወስነው ዘረ መሉ ብቻ ነው የሚለው እምነት ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። ሆኖም የጉበትና የነርቭ ሕዋሳት የሚለያዩት አንድ ዓይነት ዘረ መል ይዘው ሳለ ነው፤ የትኛው ዘረ መል መቼ ይሥራ በሚለው ውሳኔ ላይ አካባቢው ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አዳም ኤንግለር፣ ዴኒስ ዲሸርና ባልደረቦቻቸው ከሰው መቅኔ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳትን፣ ማለትም ገና ሙያቸው ያልተለየ ሕዋሳትን፣ ኮላጅን በተቀባና ልስላሴው በተለያየ ጄል ላይ አሳደጉ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ ያረፉት የነርቭ ሕዋስን፣ እንደ ጡንቻ ጠንከር ባለው ላይ ያረፉት የጡንቻን፣ ከዚያ በበለጠ በጠነከረው ላይ ያረፉት ደግሞ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳትን ጠባይ ያዙ። ሕዋስ ያረፈበትን ነገር እየሳበ ጥንካሬውን ይለካል፤ በለካውም መሠረት ይለወጣል።

ቁስል ከዳነ፣ አጥንትም ከገጠመ በኋላ ነገሩ አበቃ የሚለው እምነት ከእውነታው ምን ያህል እንደሚርቅ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ቀድሞ ያሳየው የባሕር ላይ መከራ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ አንሰን እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1744 የመራው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ለወራት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያጡት መርከበኞች ስከርቪ በተባለው በሽታ ሲረግፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1690 በአየርላንድ በቦይን ጦርነት ቆስሎ የዳነ አንድ ሰው፣ ከ50 ዓመት በኋላ የድሮ ቁስሎቹ እንደ አዲስ ተከፈቱበት፤ ከብዙ ጊዜ በፊት የገጠመ የአጥንት ስብራትም ተፈታ። ምክንያቱ በጊዜው አልታወቀም እንጂ፣ ኮላጅን የሚገመድባቸው ሦስት ሰንሰለቶች ተጣምረው እንዲጸኑ የሚያደርጉት ኢንዛይሞች ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠሩም፤ ጠባሳውን የሚያፈርሰው ሥራ ሲቀጥል የሚገነባው ቆመ። የዳነ ቁስል፣ ሰው ዞር ብሎ ባያየውም፣ ዕድሜ ልክ በጥገና ላይ ነው፤ ጥንካሬውም ቢበዛ ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህሉን ቢደርስ ነው። የጎልማሳ ሰው አጥንትም በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ፈርሶ ይታደሳል።

በኢትዮጵያ አጥንቱ የተሰበረ ሰው መረቅ እንዲጠጣ ሲመከር፣ መረቁ ወደ ስብራቱ ሄዶ ይጠግነዋል ተብሎ ይታሰባል፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የኮላጅን ዱቄትም በቀጥታ ቆዳን ይሞላል ይባላል። ሁለቱም የሚጋሩት ስሕተት አንድ ነው። ጨጓራና አንጀት ኮላጅንን ወደ አሚኖ አሲዶችና ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ስለሚሰባብሩት፣ የተበላው ኮላጅን እንዳለ የትም አይደርስም፤ አካልም አሚኖ አሲዶቹን ከሌላ ፕሮቲን ካገኛቸው ለይቶ አያያቸውም። ዱቄቱ የቆዳን እርጥበትና መለጠጥ በመጠኑ እንደሚያሻሽል የሚገልጹ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ ብዙዎቹ አነስተኛና በአምራቾች ገንዘብ የተደገፉ በመሆናቸው ማስታወቂያው የሚለውን ያህል ሊታመንባቸው አይገባም። በክሬም የሚቀባው ኮላጅን ደግሞ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር ያህል የሆነ ግዙፍ ሞለኪውል ስለሆነ የቆዳን የላይኛ ሽፋን አያልፍም። መረቅ ለበሽተኛ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ በመፍላት ቫይታሚን ሲ ስለሚጠፋ፣ ከአጠገቡ የሚቀርበው ጥሬ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ለኮላጅኑ ግንባታ መረቁ የማይሰጠውን ይሰጣል።

ካንሰር የአንድ ሕዋስ ጥፋት ብቻ ነው የሚለውም እንደዚሁ ግማሽ እውነት ነው። ፔይተን ሩስ እ.ኤ.አ. በ1911 ያስታወቀው ቫይረስ በዶሮ ላይ ዕጢ ያወጣል፤ ዴቪድ ዶልበርግና ሚና ቢሴል እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት ግን፣ ያው ቫይረስ ገና በእንቁላል ውስጥ ባለ ሽል ላይ ሲገባ ዕጢ አያበቅልም፤ ሕዋሳቱ ከሽሉ ተለይተው በሳህን ላይ ሲያድጉ ግን የካንሰር ጠባይ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በቢሴል ቤተ ሙከራ እነ ቫለሪ ዊቨር በጄል ውስጥ ያደጉ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን አንድ ኢንተግሪን ሲያግዱባቸው፣ የዘረ መል ጉድለታቸው ሳይቀየር የጤናማ ሕዋሳትን ሥርዓት መልሰው ያዙ። ይህ ፈውስ ተገኘ ማለት አይደለም። መረቡን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን በማገድ የካንሰርን ሥርጭት ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሞከሩት መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ የተጠበቀውን ውጤት አላስገኙም፤ ከምክንያቶቹም ሙከራው በሽታው በተስፋፋባቸው ሰዎች ላይ መደረጉና፣ ከኢንዛይሞቹ አንዳንዶቹ ዕጢውን የሚገቱ ሆነው መገኘታቸው ይጠቀሳሉ።