ከላንቴ ጎረቤት የተነሣው ሰው አልባ አይሮፕላን

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ላንቴ የደረሰ መንገደኛ፣ በስተግራው የጋሞ ደጋ ተራሮች ተደርድረው፣ በስተቀኙ የሙዙና የማንጎው ተክል ወደ አባያ ሐይቅ ተንጣሎ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ጥሬ ሙዝ ለአዲስ አበባ ገበያ የሚጫንባቸው መኪኖች ቆመው ሲያይ፣ ይህ ለምለም ሜዳ በዘመናችን የጦር ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ነው ብሎ አይገምትም። ሆኖም ከዚያ ብዙም በማይርቀው የአርባ ምንጭ አይሮፕላን ማረፊያ፣ የዩናይትድ ስቴትስ አየር ኃይል «ሪፐር» የተባሉትን ሰው አልባ አይሮፕላኖች ለአራት ዓመታት ያህል ሲያስነሣና ሲያሳርፍ ኖሯል።

ነገሩ በሰፊው የተሰማው በአዋጅ ወይም በመንግሥት መግለጫ ሳይሆን፣ በጥቅምት 2004 ዓ.ም. «ዋሽንግተን ፖስት» ጋዜጣ ባወጣው ዜና ነበር። ማረፊያውን ለማሻሻል በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንደ ፈሰሰ የተነገረው ያን ጊዜ ሲሆን፣ የአሜሪካ ሹማምንትም በረራውን አምነው፣ ሥራው ቅኝት ብቻ እንደ ሆነ፣ አይሮፕላኖቹም መሣሪያ እንዳልታጠቁ አስረዱ። የአገር ጉዳይ በዱቡሻ አደባባይ ተቀምጦ ሳይመከርበት በማይወሰንበት በጋሞ ምድር እንዲህ ያለው እንግዳ ያለ ምክር መግባቱ፣ ለእኔ ከአይሮፕላኑ ብረት ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው።

የመሣሪያውን ጠባይ ለመረዳት ወደ ሥሪቱ መነሻ መመለስ ይገባል። በባግዳድ ተወልዶ በእስራኤል ያደገው መሐንዲስ አብርሃም ካሬም፣ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ በሎስ አንጀለስ በመኖሪያ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ የተጨነቀበት ነገር ፍጥነት ሳይሆን ዕድሜ፣ ይኸውም አይሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ክንፉን ረጅምና ቀጭን፣ አካሉን ቀላል፣ ሞተሩን ነዳጅ ቆጣቢ አደረገ፤ ድርጅቱ ቢከስርም «ጄኔራል አቶሚክስ» ሥራውን ገዝቶ ከዚያው ግንድ እ.ኤ.አ. በ1994 የበረረውን «ፕሬዴተር» አወጣ፤ እርሱም በማግሥቱ ዓመት በቦስኒያ ሰማይ ለቅኝት ተሰማራ። በግዝፈት የሚበልጠው ታናሽ ወንድሙ «ሪፐር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ የክንፉ ስፋት 20 ሜትር፣ የሞተሩ ጉልበት 900 የፈረስ ኃይል ሲሆን፣ መሣሪያ ሳይሸከም ከ24 ሰዓት በላይ በአየር ላይ ለመቆየት ይችላል።

ከአርባ ምንጭ የሚነሣው በረራ የሚያቀናው ወደ ሶማሊያ ነበር፤ ከዚያ እስከ ሞቃዲሾ በቀጥታ መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አይሮፕላን ለመሄድና ለመመለስ ሰባት ሰዓት ግድም ቢያጠፋ፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ መንገድ በላይ በማንዣበብ ያሳልፈዋል ማለት ነው። በማረፊያው አጠገብ ያለው ቡድን አይሮፕላኑን አስነሥቶ ካቀና በኋላ መሪውን በሳተላይት አማካይነት ለሌላ ያስረክባል፤ ዋናው አብራሪና የካሜራው ተቆጣጣሪ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ በወንበራቸው ተቀምጠው፣ በመዓልትም በሌሊትም የሚያየውን መነጽር እያዞሩ፣ ተራቸው ሲደርስ ለተተኪዎቻቸው ለቅቀው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አካላቸው በዐይን ተሞልቶ የሚሣሉት ኪሩቤል ትዝ ይሉኛል፤ ልዩነቱ የእነዚያ ትጋት ለምስጋና መሆኑ ነው።

«አልታጠቀም» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ምሉእ አይደለም። የማየትና የመግደል ሥራ በዚህ መሣሪያ ላይ ተለያይተው አያውቁምና፤ አንዱ ያየውን ሌላው ይመታል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የአልሸባብ መሪ አሕመድ ጎዳኔ በሶማሊያ በተገደለ ጊዜ፣ ፔንታጎን ሰው የሚያበራቸውም ሰው አልባዎቹም አይሮፕላኖች እንደ ተሳተፉ ገልጿል። ለጎዳኔ የሚያዝን ሰው እምብዛም አይገኝ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አንድ አገር ሜዳውን ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲያውስ፣ ከሥራው ውጤት ድርሻውን መውሰዱ አይቀርም።

በረራው በ2008 ዓ.ም. መባቻ ቆመ፤ ይህም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከአሜሪካ ወገን በይፋ ተነገረ፤ ምክንያቱም የማረፊያው አስፈላጊነት ማብቃቱ ነው ተባለ። ከስድስት ዓመት ግድም በኋላ ኢትዮጵያ ራሷ ከቱርክ የተገኘው «ባይራክታር ቲቢ2» ባለቤት ሆነች፤ እርሱም እንደ «ሪፐር» አንድ ቀን ከሌሊቱ የመንሳፈፍ አቅም ያለው ነው። በ2014 ዓ.ም. በገና ዕለት በትግራይ ደደቢት፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግቢ ላይ ጥቃት ወርዶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በስፍራው የተገኘውን የቦምብ ስብርባሪ የመረመሩ ወገኖችም ይኸው የቱርክ አይሮፕላን የሚወረውረው ዐይነት መሆኑን መሰከሩ። በድንገት አልፎ የሚሄድ የጦር አይሮፕላን አብራሪ «በደንብ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም» ብሎ ለመማጠን ይችል ይሆናል፤ ሰዓታት ሙሉ በአንድ ግቢ ላይ አንዣብቦ ሕፃናትንና የተሰጣ ልብስን የመለየት ኃይል የተሰጠውን መሣሪያ የሚያዝ ባለሥልጣን ግን፣ ካሬም ዕድሜውን የሠዋለት ያ ረጅም ጊዜ በእጁ ነበረና፣ ይህን ምክንያት ለማቅረብ አይችልም።