ከላብራቶሪ ወጥተን ወደ ቀጨኔ ሸክላ



ቀጨኔ ተከራይተን ወደ ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ የምንመላለስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ሳምንታችን በክፍልና በመመረቂያ ጽሑፍ ያልቃል። ቅዳሜ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት ግን የራሳችን ናት። እንጦጦ የሚወጡ አሉ፤ እኛን የሳበን ደጃችን ላይ ያለው የሸክላ ሥራ ነው።

የቀጨኔ እናቶች ጀበናና ምጣድ የሚያበጁት በእጃቸው ነው። አፈሩን ወቅጠው ይነፋሉ፣ አቡክተው ቅርጽ ይሰጡታል፣ ያደርቁታል። ማድረቁ ቀልድ አይደለም፦ ውስጡ የቀረ ውሃ እሳት ላይ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ከ500 ዲግሪ በላይ ከማዕድኑ ጋር የተሳሰረው ውሃም ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክላው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም።

የጀበናው ጥቁረት የተቀባ ቀለም እንዳይመስላችሁ። ዕቃው እንደጋለ በቅጠል ሲታፈን ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ጭሱ ካርቦን ያለብሰዋል፣ ቀዩ የብረት ኦክሳይድም ይጠቁራል። እኛ በፎርሙላ የምንማረውን እነሱ በዓይናቸው ይለዩታል።

እነዚህ ባለሙያዎች ግን ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለዋል። ቃሉ ዛሬም በዶርም ጨዋታ ውስጥ ይሰማል፤ እኛን አያስቀንም። ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው፣ ጠይቋቸው፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ጀበና ስትገዙ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ይኖረዋልና ሌላ ምረጡ።