አያታችሁ ተነስተው፣ ተራምደው እስኪቀመጡ ስንት ሰከንድ ይፈጅባቸዋል?

ቤታችሁ አያት ወይም በዕድሜ የገፉ ዘመድ ካሉ ይቺን እስከ መጨረሻ አንብቧት። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ወንበር፣ ሦስት ሜትር ክፍት ቦታና እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ጉዳዩ መውደቅ ነው። ትልቅ ሰው ሲወድቅ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብለን እናልፈዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684 ሺህ ገደማ ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ እንደሚሞቱ ይገምታል። ሆን ተብሎ ከማይደርሱ ጉዳቶች ውስጥ ከዚህ በላይ የሚገድለው የትራፊክ አደጋ ብቻ ነው። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ነፍስ ባይጠፋ እንኳ ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት አልጋ ላይ ሲከርሙ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የጀርባ ቁስል ሊከተል ይችላል።

ደግሞ አይናገሩም! «ልጆቼን አላስቸግርም» ብለው፣ ወይም ከቤት እንዳይወጡ እንዳይከለከሉ ፈርተው ዝም ይላሉ። ክንዳቸው በልዞ ስታዩ «በሩ መትቶኝ ነው» ይሏችኋል። የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ፤ ከወደቁት ለሐኪማቸው የሚናገሩት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፣ ማየት ያስፈልጋል።

ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ፈተና «ታይምድ አፕ ኤንድ ጎ» ይባላል። በ1986 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዓይን አይቶ ነጥብ መስጠት ብቻ ነበር፤ ፖድሲያድሎና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ሰዓት ጨመሩበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወንበሩ ሦስት ሜትር ለክታችሁ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። አያታችሁ የዘወትር ጫማቸውን አድርገው ተደግፈው ይቀመጡ፤ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ይያዙ። «ይጀምሩ» ስትሉ የስልካችሁን ሰዓት አስነሱ። ይነሳሉ፣ በተለመደው አረማመዳቸው ምልክቱ ድረስ ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ያኔ ሰዓቱን አቁሙ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ይላል።

ወንበሩ ላይ ተጠንቀቁ። ሶፋ ይሰምጣል፣ በርጩማ ደግሞ በጣም ዝቅ ይላል፤ ሁለቱም ውጤቱን ያበላሹታል። ጠንካራ፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እናንተም አጠገባቸው ሁኑ። መቆም የሚያቅታቸው ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት።

እንደኔ ከቁጥሩ እኩል የሚናገረው አካሄዳቸው ነው። ሲዞሩ ብዙ ትንንሽ እርምጃ ይረግጣሉ? እግራቸውን ይጎትታሉ? ግድግዳ ይፈልጋሉ? በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ የስዊድን ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ 58 ሰዎችን እየሄዱ አወሯቸው። 12ቱ ለመመለስ ቆም አሉ። ከነዚህ 12 ሰዎች 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ! ለእኛ መራመድ ሐሳብ አይፈልግም፤ ለእነሱ ግን ሙሉ ትኩረታቸውን ይወስዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የጭን ጡንቻን ያያል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስተው ይቆማሉ? ከ70 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴት ከ10 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ላሉ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ደካማ ነው። በእጃቸው ተደግፈው ከተነሱ ዜሮ ይያዛል፤ ይሄ ጨካኝ ይመስላል ግን ሕጉ ነው። ሦስተኛው ሚዛን ነው። አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት አገናኝተው 10 ሰከንድ ካልቆሙ ስጋት አለ። ይሄንን ግድግዳ አጠገብ፣ እናንተም ለመያዝ ተዘጋጅታችሁ ብቻ።

ለመሆኑ እንዴት እሺ ይላሉ? «ልፈትንዎት» ካላችኋቸው አለቀ። ቀድማችሁ እናንተ ሥሩት፣ «እማማ፣ እስቲ እኔን ይቁጠሩልኝ» በሏቸው። እየሳቁ ተራቸውን ይጠይቃሉ።

አሁን ደግሞ ልክ ልኩን እንነጋገር። በ2014 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የሦስት ሜትሩ ፈተና ብቻውን ማን እንደሚወድቅ በደንብ አይተነብይም ብሏል። በ9 ሰከንድ የጨረሱ እናት ሌሊት በጨለማ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሊወድቁ ይችላሉ። የዓይን ሞራ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ተንሸራታች ምንጣፍ በሰዓት አይለኩም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፦ ባለፈው ዓመት ወድቀዋል? ሲቆሙ ወይም ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ? እወድቃለሁ ብለው ይሰጋሉ?

የግፊት መለኪያ ቤት ካለ ደግሞ አምስት ደቂቃ ጋደም ብለው ለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሲነሱ የሚያዞራቸው ለዚህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታስቁሙ፤ የሐኪም ሥራ ነው።

ደስ የሚለው፣ ነገሩ ይሻሻላል። በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በተለይ ሚዛንን የሚያለማምዱት። ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ ራሱ ልምምድ ነው።

ውጤቱን ስልካችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉ። 12 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም ከሦስቱ ጥያቄዎች ለአንዱ «አዎ» ካሉ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ የእንቅልፉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።