ጫማውን ያስጠረገው ሰው

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይባላል። እውነት ነው፤ ያለፈ ጊዜ አይመለስም። ነገር ግን ከሚያልፈው ጊዜ ጥቂቱን ይዞ የሚያስቀር አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም ፎቶግራፍ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በፓሪስ ከተማ ካሜራውን ከመስኮቱ አጠገብ ተክሎ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ሰፊ ጎዳና አነሣ። በዚያን ዘመን ሥዕሉ የሚያርፈው ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳው ብርሃን እንዲቀበል አስቀድሞ በአዮዲን እንፋሎት ይታጠናል፤ ከዚያም በካሜራው ውስጥ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ በመጨረሻ በሜርኩሪ እንፋሎት ሲታጠን ሥዕሉ ብቅ ይላል።

ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚመላለስበት ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱም ተላላፊው ሁሉ በአንድ ቦታ ስላልቆየ በሰሌዳው ላይ ምልክቱን ሳይተው አለፈ። ከመንገዱ ዳር ግን አንድ ሰው እግሩን አንሥቶ ጫማውን ያስጠርግ ነበርና እርሱ ቀረ፤ ሊስትሮውም ደብዘዝ ብሎ ከፊቱ ይታያል። ከታወቁት ፎቶግራፎች መካከል የሰው መልክ የታየበት የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

የሚያሳዝነው ግን የሁለቱም ስም አለመታወቁ ነው። ሰውየው ምናልባት ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ጉዳዩ ሄዶ ይሆናል፤ ለዘመናት የሚኖር ሥዕል ትቶ መሄዱን ከቶ አላወቀም።

ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚሮጠውን ልጅ እንኳ በቅጽበት ይይዛል። ቢሆንም በየቤታችን ያለው አልበም ከዳጌር ሥዕል የተሻለ ዕድል የለውም። «ይህች አክስትህ ናት፤ ይህ ደግሞ ከአባትህ ጋር የተማረው ነው» የሚሉን አያቶቻችን ናቸው። እነርሱ ሲያልፉ መልኩ ከግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ስሙ ግን አብሮአቸው ይሄዳል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ቡናው ሲፈላ አልበሙን አውጥተን ታላላቆቻችንን እንጠይቅ። ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ቀስ ብለን ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍ። በስልክ ካሉትም የምንወዳቸውን ጥቂቶቹን አሳትመን እንዲሁ እናድርግ። መልክን ብርሃን ይይዘዋል፤ ስምን ግን ብዕር ካልያዘው የሚይዘው የለም።