ገዳዩ የላከው ፍሎፒ

ነፍሰ ገዳዩ ፖሊስን ምክር ጠየቀ። ከእንግዲህ ጽሑፉን በፍሎፒ ዲስክ ቢልክ ይደረስበት እንደሆነ እውነቱን እንዲነግሩት፣ መልሱንም በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲያወጡለት። ራሱን «ቢቲኬ» ብሎ የሰየመው ይህ ሰው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማና አካባቢዋ ከ1974 እስከ 1991 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) 10 ሰዎች ገድሏል። መርማሪዎቹ «ችግር የለውም» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ዋሹት።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2005 ዲስኩ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደረሰ። የፖሊሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ራንዲ ስቶን ሲከፍተው ፊት ለፊት ያለው ፋይል ፍሬ አልነበረውም። ስቶን የተሰረዘውን ፍለጋ ገባ። ፍሎፒ ላይ ፋይል ሲሰረዝ በማውጫው ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ይተካል፤ ቦታውም ነጻ ተብሎ ይመዘገባል። ጽሑፉ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው፤ ከቀበሌ መዝገብ ተፋቀ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። የተገኘው የዎርድ ሰነድ ሆዱ ውስጥ ሁለት ነገር ይዞ ነበር፦ የአንድ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስምና መጨረሻ ላይ ያስተካከለው ሰው፣ «ዴኒስ»።

ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሊቀ መንበር ዴኒስ ሬደር ሆኖ ተገኘ። በቤቱ በኩል ሲያልፉ ጥቁር ጂፕ ቆሟል፤ ቀደም ሲል የአንድ መደብር ካሜራ ገዳዩ ሲጠቀምበት የቀረጸው ዓይነት።

ይሁንና የቤተ ክርስቲያን ኮምፒውተር የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል፤ ሰነድ ላይ የቀረ ስም ብቻውን ችሎት ፊት አይጸናም። ስለዚህ ሴት ልጁ ሐኪም ቤት የሰጠችው የምርመራ ናሙና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣ፤ ከገዳዩ ዲኤንኤ ጋር ያለው ዝምድናም ታወቀ። ልጅቱ ይህን አታውቅም ነበር። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው። ሬደር ፌብሩዋሪ 25 ተያዘ፤ «ለምን ዋሸኸኝ?» የሚል ወቀሳም ለመርማሪው ኬን ላንድዌር አቀረበ! በዚያው ዓመት ጥፋቱን አምኖ 10 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ነገሩ ዛሬ በስማርትፎን ቢሆንስ? ከስልክ ዳታቤዝ የተሰረዘ መልእክትም ሌላ እስኪጻፍበት ሊቆይ ይችላል። አዲሶቹ ስልኮች ግን ፋይሉን በቁልፍ ይመሰጥሩታል፤ ቁልፉ ከጠፋ ቅሪቱ ቢገኝ እንኳ አይነበብም። ስለዚህ መርማሪ ስልክ ሲይዝ ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ እንዳያጸዳው ቶሎ ከኔትወርክ ይለየዋል። ቅጂ ሲወሰድ ደግሞ ሃሽ የሚባል ቁጥር ይሰላል፤ ከቅጂው አንዲት ፊደል ብትነካ ቁጥሩ ይለወጣል። ተከላካይ ጠበቃ «ማን ነካካው?» ብሎ ሲነሳ፣ ዐቃቤ ሕግ የሚያቀርበው ያንን ቁጥር ነው።