ተጠርጎ የሚመለስ ሻጋታ



በክረምት ወራት ገላ የምንታጠብበት ጓዳ ግድግዳው ይጠቁራል፥ ሽታውም ይከብዳል። ብዙ እናቶች «በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፥ እሱ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ምን ላድርገው?» ይሉናል። መልሱ አጭር ነው፤ ሻጋታው ተጠረገ እንጂ እርጥበቱ አልተወገደም።

ይህ ሻጋታ በእንጀራ ላይ ከሚወጣው ጋር ወገኑ አንድ ነው። ዘሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በአየር ይዞራልና ከቤት ጨርሶ ማስወጣት አይቻልም። ነገር ግን እንደ ማንኛውም ዘር ያለ እርጥበት አይበቅልም። ብናኙ ሲተነፈስ ያስነጥሳል፥ ያስላል፤ አስም ያለበትን ሰውና ሕፃናትን ይበልጥ ይጎዳል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ግድግዳዋን በበረኪና እንድታጥብ መከርናት። በሁለት ሳምንት ሻጋታው ተመለሰ፤ ትንሹንም ልጅ ሳሉ አልተወውም። ዳግመኛ ስንሄድ ቤቱን በውጭ ዞረን አየን። ለካ የመታጠቢያው ውሃ ከግድግዳው ሥር ይተኛል፤ የጣራውም ጠፈጠፍ እዚያው ይወርዳል። ስሕተቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር፤ አስቀድመን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባን ነበር።

እንግዲህ ሥራው በዚህ ተራ ይሁን፤

1ኛ፤ ውሃውን አርቁ። የሚያፈሰውን ጣራ ድፈኑ። በቤቱ ዙሪያ ወደ ቁልቁለት የሚወስድ ቦይ ቆፍሩ። የመታጠቢያው ውሃ ከቤቱ ራቅ ብሎ ድንጋይና ጠጠር ወደ ተሞላ ጉድጓድ ይውረድ፤ ጉድጓዱም ከመጠጥ ውሃ የራቀ ይሁን።

2ኛ፤ አየር አስገቡ። ከታጠባችሁ በኋላ ወለሉን አድርቁ፥ በርና መስኮት ክፈቱ። እርጥብ ልብስ በጓዳው ውስጥ አታስጡ።

3ኛ፤ ከዚያ ሻጋታውን አንሡ። ሕፃናትን አስወጡ፥ አፍንጫና አፋችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። በደረቁ አትጥረጉት፥ ብናኙ ይበተናልና፤ መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት። ግድግዳው ሲሚንቶ ከሆነ በሳሙናና በብሩሽ ፈትጋችሁ አድርቁ። ጭቃ ከሆነ የሻገተውን ልስን ፍቃችሁ ጣሉ፤ ግድግዳው ሲደርቅ እንደ ገና ምረጉት፥ ምርጊቱም ደርቆ ኖራ ቀቡት። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ተጠንቀቁ። ሳይደርቅ መቀባት ግን ሻጋታውን ልብስ ማልበስ ነው።

በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ከቶ አትቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡት፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል።

ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ «የሻጋታ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንፋሹ የፈጠነ ወይም የሚያቃስት ሕፃን ካለ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

አባቶችም አድምጡ። ቦዩን መቆፈርና ጣራውን መጠገን ለእናት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ፥ ሰኔ ሳይገባ ቆፍሩት፤ ክረምቱ ሲመጣ ውሃው መንገዱን አግኝቶ ይሄዳል፥ ልጆቻችሁም በደረቅ ቤት ያድራሉ።