ከሰው ያልተወሰደ የሰው ፕሮቲን

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ኢንሱሊን የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ገብቶ ማቀዝቀዣውን ያስከፈተ ሰው አሥር ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ብልቃጥ ያገኛል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለ። ካርቶኑ ላይ «የሰው ኢንሱሊን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩም ዲኤንኤ በማዋሐድ መሠራቱ ተገልጿል። የሰው ይባል እንጂ ደሙን ወይም ቆሽቱን የሰጠ ሰው የለም።

ድሮ ምንጩ እንስሳ ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ የተወጋው ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ኢንሱሊን ነው። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል የስኳር ሕሙማን በከብትና በአሳማ ቆሽት ኖሩ። የአሳማው ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ የከብቱ ደግሞ በሦስት። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም ሰውነታቸው የሚቆጣባቸው ሕሙማን ነበሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ በማይበላበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። 21ዱ በአንድ ሰንሰለት፣ 30ዎቹ በሌላ ተደርድረው በሰልፈር ድልድዮች ይያያዛሉ። ቅደም ተከተሉን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር በ1950ዎቹ አነበበው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመበት። በ1978 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የጄኔንቴክና የሲቲ ኦፍ ሆፕ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራ ዲኤንኤ በኬሚስትሪ ገጣጠሙ፤ ጂኑ እንኳ ከሰው አልተቀዳም ማለት ነው። ዲኤንኤውን ፕላዝሚድ በሚባል ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ቀጥለው አንጀታችን ውስጥ በሚኖረው ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያው የማን ትእዛዝ እንደሆነ አይለይም፣ የተጻፈለትን ይሠራል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ለየብቻ ተመርተው፣ ተጣርተው፣ በኋላ ተጋጠሙ። ኢላይ ሊሊ ያመረተው ይኸው ኢንሱሊን በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ እርሾም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ከሰው አለመውሰዱ ከንጽሕናም አንጻር ትልቅ ነገር ነው። የእድገት ሆርሞን ከሞቱ ሰዎች አንጎል ሥር ካለ እጢ ይወጣ በነበረበት ዘመን ገዳይ የአንጎል በሽታ የያዛቸው ልጆች ነበሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. ያ አሠራር አሜሪካ ውስጥ ቆመ፤ ባክቴሪያ የሠራው ሆርሞንም በዚያው ዓመት ተፈቀደ።

ይኸው ኢንሱሊን ወደ ምርምር ቤተ ሙከራም ይገባል። ከሰውነት ውጭ በብርጭቆ የሚራቡ ሴሎች ስኳርና ምግብ እንዲወስዱ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ኢንሱሊን ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። እዚያ ያለው ብልቃጥ ግን «ለምርምር ብቻ» የሚል ምልክት አለው። ሞለኪውሉ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለታማሚ የሚሰጠው ግን ከጀርም ነፃነቱና መጠኑ በሌላ ሥርዓት ተፈትሾ ያለፈ ነው። ቤተ ሙከራው ርካሽ አገኘ ተብሎ ወደ ክሊኒክ አይሻገርም።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን መንገዱና ማስቀመጫው ነው። ፕሮቲን የሚሠራው በቅርጹ ነው፤ ቅርጹ ከተበላሸ፣ እንደተቀቀለ እንቁላል፣ ቢያቀዘቅዙትም ወደ ነበረበት አይመለስም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። በሐዋሳ የካቲትና መጋቢት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ወደ ሎካ አባያ ቆላ ሲወረድ ይብሳል። መብራት በሚጠፋበት ወይም ጭራሹኑ በሌለበት ቤት ያለ ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ገጠሬ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገሩ ከንቱ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኬንያ በሚገኘው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ባደረጉት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ የቆየ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይተዋል።

ይልቅ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ጠላት በረዶ ነው። «ይበልጥ ይቀዝቅዝ» ብሎ የበረዶ ክፍል ውስጥ የከተተ ሰው መድኃኒቱን ገድሎታል። ደመናማው ኢንሱሊን በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ብዙውን ጊዜ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ይታወቃል። ጥርት ያለው ግን ሳይለወጥ ሊታይ ይችላል፤ ስኳሩ አልወርድ ሲል ታማሚው የሚጠረጥረው ምግቡን ነው። ስለዚህ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ደግ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሻጩን የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ ያሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።